የ45 ዲግሪ ጉድለት

«እስካሁን ማን አይቶሻል?»

የጠየቁኝ ይህንኑ ብቻ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ የቤቴ ሲሚንቶ ላይ ባሌት የሚባለውን ዳንስ ስለማመድ፣ ጉልበቴ ሲያብጥ፣ ሲጎድል፣ መልሶ ሲያብጥ ከርሜ፣ በስንት ልመና ነገሩን የሚያውቅ ሰው ፊት ስቀመጥ አሥራ አራት ጥያቄ የተጻፈበት ደብተር ይዤ ነበር። ተራ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። የጡንቻ ስም ሳይቀር አለበት። እትዬ ደብተሩን ተቀብለው፣ ሳይገልጡት፣ ረከቦቱ አጠገብ አኖሩትና ይቺን አንዲት ነገር ጠየቁኝ።

«ስልኬ» አልኩ። ቀልድ መሆኑ ነበር። እሳቸው አልሳቁም።

ይኼ ከሆነ ወዲህ ሐዋሳ ላይ ክረምት ገብቶ ወጥቷል። ጥያቄው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቢሮ የባንክ መግለጫ ከመዝገብ ጋር ሳስታርቅ ይመጣብኛል፤ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቄ ወደ አቶቴ ስሄድ ይመጣብኛል። ልጻፈውና ይለየኝ ብያለሁ።

## ከቦንዳ የወጣ ጫማ

መነሻው ጫማ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ልጅ ቦንዳ ፈትቶ የሕፃን ካልሲና የኳስ ታኬታ ሲዘረግፍ፣ ከመሃል በገዛ ጥብጣባቸው እርስ በርስ የታሰሩ ሁለት ሮዝ ጫማዎች ወደቁ። ሳቴን ናቸው። ጫፋቸው ግን እንጨት ነው የሚመስለው፤ በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው ኳ ኳ ይላል። ሻጩ ገልበጥ አድርጎ አየና «የሙሽራ ነው፣ እህቴ» አለኝ። አምስት መቶ ጠርቶ በሁለት መቶ ሃምሳ ተስማማን። ምን እንደሆኑ እሱ አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ እያልኩ በልቤ ስቄበት ሄድኩ።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እኔን ግን ሲናፍቀኝ ኖሯል። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ጎረቤት ቤት፣ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ላይ፣ አንዲት ሴት በእግሯ ጣት ጫፍ ቆማ ስትሽከረከር አየሁ። ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ ወዲያው ዜና ገባና ትልልቆቹ ዝም በሉ አሉን። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ፣ ያቺ ሴት ከቦንዳ ወጥታ 250 ብር አስከፈለችኝ።

የዚያን ዕለት ማታ በሬን ቆልፌ አጠለቅኳቸው። የአልጋዬን ብረት ይዤ ጫፋቸው ላይ ወጣሁ። ሦስት ሰከንድ ያህል ረዥም ነበርኩ። አራተኛው ላይ ቁርጭምጭሚቴ ከዳኝና የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ላይ ዘፍ አልኩ። አከራዬ ከሳሎን «ምን ወደቀ?» አሉ። «ሳፋ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም፣ ሳፋውም ወድቋል።

## ሁሉም ያውቃል

አስተማሪ ፈለግሁ። የባህል ውዝዋዜ የሚያሠለጥን አላጣሁም፤ ዙምባ የሚያዘልልም አለ። ባሌት ስል ግን ሰው ፊቴን ያየኛል። ስለዚህ ጥቅል ገዝቼ ወደ ስልኬ ዞርኩ።

የምክሩ ብዛት! አንዷ «መቀመጫሽን ጨምቂ» ትላለች፤ ሌላዋ መቀመጫውን የሚጨምቅ ሰው እንደ ድንጋይ ይቀራል ትላለች። አንዱ ዳሌሽን ወደ ውስጥ እጠፊ ይላል፤ ሌላው እንዳታደርጊው ይላል። የሁሉም እግር ያምራል፣ ሁሉም እርግጠኛ ነው። እኔም እንደ ሂሳብ ሰውነቴ ቆጥሬ፣ ብዙዎቹ ያሉትን ያዝኩ።

ላልገጠመው ሰው ልንገር፤ ባሌት ውስጥ እግር ፊት ለፊት አያይም። ተረከዝ ከተረከዝ ይገጥምና ጣቶቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈታሉ። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚህ መከፈት ነው። የመጣውም ከቤተ መንግሥት ነው፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ራሱ ይደንስ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1661 የዳንስ አካዳሚ አቋቁሟል። አምስቱን የእግር አቋቋም ሥርዓት አስያዘ የሚባለውም ፒየር ቦሻም የሚባል የሱው የዳንስ መምህር ነው። ለዚህ ነው ቃላቱ ሁሉ ፈረንሳይኛ የሆኑት፤ ጉልበት ሲታጠፍ ፕሊዬ፣ እግር መሬቱን ጠርጎ ሲዘረጋ ታንዱ፣ ተረከዝ ሲነሳ ረለቬ። ማታ ማታ ብቻዬን «ፕሊዬ» እያልኩ ስወርድ ስወጣ፣ አከራዬ ጸሎት የማደርስ ይመስላቸው ነበር።

የተበላሁት መከፈቱ ላይ ነው። አንድ ቪዲዮ ዘዴ አሳየኝ፦ ጉልበትሽን እጠፊ፣ እንደታጠፈ እግርሽን የቻልሽውን ያህል ክፈቺ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ቀጥ በዪ። ይሠራል! በሳምንት ውስጥ ሁለቱ እግሮቼ አንድ መስመር ላይ ወደ መግጠም ደረሱ። ፎቶ አንስቼ አዳማ ላለች ጓደኛዬ ላክሁላት። «ዳክዬ» ብላ መለሰች። እሷ ምን ታውቃለች ብዬ ስልኩን ደፋሁት።

ከሁለት ወር በኋላ የቀኝ ጉልበቴ በውስጥ በኩል መውጋት ጀመረ። ደረጃ ስወርድ ይብሳል። ይሄኔ መካሪው ጎረፈ። ጂም የሚያሠራ ጎረቤታችን «አልተሳሳብሽም ነው» ብሎ እንደ እንቁራሪት አስተኝቶኝ ወገቤን ተጫነኝ። የቢሮ ጓደኛዬ እርድ በማር አዘዘችልኝ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ወጣቱ ባለሙያ ጉልበቴን ጫን ጫን እያደረገ ምን ዓይነት ስፖርት እንደምሠራ ጠየቀኝና ስነግረው ከረዳቱ ጋር ተያይተው ሳቁ። በረዶ፣ ማስታገሻ፣ «ተዪው»። ተናድጄ ወጣሁ። አሁን ሳስበው «ተዪው» ማለቱ እንኳ ክፉ ምክር አልነበረም። ምኑን እንደምተው ነው ያልነገረኝ።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ይመስለናል። የሁሉንም ምክር ከየፊናው ለቅሜ፣ በጥብጬ፣ ለገዛ ጉልበቴ ያጠጣሁት ግን እኔው ነኝ።

## ኩባዋ

የተገኙት በቡና ነው። አከራዬ እያነከስኩ ስገባ አይተው (ነገሩን ያውቁ ኖሯል፤ ሳፋ በየማታው አይወድቅም) ቡና እየቀዱ «ከመታጠፊያው ያሉት እማማ ልጅ፣ ኩባዋ፣ መጥታለች አሉ። እሷ ይኼን የእግር ነገር ሳታስተምር አትቀርም» አሉኝ።

ሰፈሩ «ኩባዋ» ነው የሚላቸው። በሶማሌው ጦርነት አባታቸው ሞተው በ1970ዎቹ ወደ ኩባ ከተላኩት፣ የወጣቶች ደሴት ላይ ከተማሩት ልጆች አንዷ ናቸው። የዚያን ትውልድ ታሪክ ሰው ያውቀዋል፣ እዚህ አልደግመውም። አብረዋቸው የሄዱት ብዙዎቹ ሐኪምና መሐንዲስ ሲሆኑ እሳቸው ዳንስ ላይ ቀሩ። ኋላም ሌላ አገር ሄደው ለሠላሳ ዓመት ገደማ ልጅም ጎልማሳም ሲያስተምሩ ኖረዋል። አሁን የመጡት እናታቸውን ሊያስታምሙ ነው፣ ለሁለት ወር።

ሦስት ጊዜ ሰው ላክሁ። በሦስተኛው «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ግን ቡና ይኑር» አሉ። ሽበታም አጭር ጠጉር፣ የላስቲክ ጫማ፣ ትከሻ ላይ ጣል ያለች ነጠላ። ሲራመዱ ጭንቅላታቸው ከፍም ዝቅም አይልም፤ ውኃ የተሸከመች ሴት ይመስላሉ። አማርኛቸው መሃል ላይ ቃል እየጠፋቸው በጣታቸው አየሩን ያጠቅሳሉ።

ከዚያ ደብተሩ፣ ከዚያ ጥያቄያቸው፣ ከዚያ «ስልኬ» ማለቴ።

«እሺ፣ ስልክሽ አይቶሽ ምን አለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። ራሴን ስቀርጽ ከርሜያለሁ፤ ከመቶ በላይ ቪዲዮ አለኝ። ሁሉንም ሳይ የማየው እግሬን ነው፣ ምን ያህል እንደተከፈተ። ስልኩ የማውቀውን መልሶ ያሳየኛል እንጂ የማላውቀውን ከየት ያምጣ? ሆኖም መሸነፍ አልወደድኩም። «ትልቅ መስታወት ቢኖረኝ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አሊሲያን ታውቂያታለሽ?» አሉኝ። አሊሲያ አሎንሶ ማለታቸው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የመሠረተችው ቡድን ኋላ የኩባ ብሔራዊ ባሌት የሆነላት። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናት የዓይኗ ሬቲና ተላቀቀ። ቀዶ ሕክምና አድርገውላት፣ ዓይኗን ሸፍነው፣ ጭንቅላትሽን እንኳ እንዳታነቃንቂ ብለው ለወራት አስተኟት። ባሏ አልጋዋ አጠገብ እየተቀመጠ «ዢዘል» የሚባለውን ባሌት በጣቶቿ አስጠናት፤ ጣቶቿ እግር ሆነው አንሶላው ላይ ይደንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1943 ያንኑ ባሌት መድረክ ላይ ደነሰችው። ዓይኗ በቅጡ ሳይመለስላት፣ መድረክ ላይ በተተከሉ መብራቶች አቅጣጫዋን እየለየች ዕድሜዋን ሙሉ ደንሳለች።

«መስታወት ምን ያደርግላታል?» አሉኝ እትዬ ስኒያቸውን እያስቀመጡ። «የሚነካት ሰው ነበራት። በዪ ተነሽ፣ ቁሚ።»

## ሁለት ፌስታል

የሆነውን ቀስ ብዬ ልናገረው፣ ምክንያቱም ጠቅላላው ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ቆምኩ። ተረከዜን አገጣጥሜ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ከፍቼ፣ ቀጥ አልኩ። የሰባት ወር ሥራዬ ይኼው ማለቴ ነበር። እትዬ እግሬን አላዩም። ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና አመልካች ጣታቸውን ጉልበቴ ላይ፣ ሎሚዋ ላይ አደረጉ።

«ይቺ ወዴት ታያለች?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጣቶቼ አንዱ ወደ ታቦር ተራራ፣ አንዱ ወደ ሐይቁ ነው። የጉልበቴ ሎሚ ግን ፊት ለፊት፣ ቡናው ላይ አፍጥጣለች። ሰባት ወር እዚያው ነበረች፤ አንድ ቀን አላየኋትም።

የአከራዬን ትንሽ ልጅ ጠርተው የጂኦሜትሪ ሳጥኑን አስመጡ። ፍራሽ ላይ በሆዴ አስተኙኝ፣ ጉልበቴን ዘጠና ዲግሪ አጠፉና ባቴን ወደ ሌላው እግሬ በኩል እንዲወድቅ ለቀቁት። ሲወድቅ ሲወድቅ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ያ ነው የዳሌ መልስ፤ የጭን አጥንት ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ከዚያ በላይ አይዞርም። ልጁ ፕሮትራክተሩን ይዞ በትልቅ ቁም ነገር አነበበ፤ ቀኝ 46፣ ግራ 40። «ደህና ነው፣ ያብዛኛው ሰው ይኼን ያህል ነው» አሉ እትዬ። ባትና ቁርጭምጭሚት ደግሞ ትንሽ ይጨምራሉ፣ በእያንዳንዱ እግር አሥር ዲግሪ ገደማ ያዢላቸው አሉኝ። በቃሌ ደመርኩ፤ 106።

ከዚያ እንደቅድሙ አቁመውኝ እግሬ ዙሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመሩ። ልጁ ለካ። 150።

ልቤ ደስ ይለው ነበር መሰለኝ። ከዳሌዬ በላይ አምጥቻለሁ!

እትዬ ግን ወደ ጓዳ ገብተው ሽንኩርት የተያዘባቸው ሁለት ፌስታሎች አራግፈው መጡ። የአከራዬ ሳሎን ሴራሚክ ነው። ፌስታሎቹን አነጠፉና በካልሲ አንድ አንድ እግሬን አቆሙብኝ። «አሁን ክፈቺ» አሉ። «ከዚህ ነው፣ ከእግርሽ አይደለም።» ከመቀመጫዬ ሥር፣ ጭኔ ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሁለት ጣት ያዙኝ። እዚያ ውስጥ ትልቁ ጡንቻ ሥር የተደበቁ ስድስት ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ፤ ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። አንድ ቀን አነጋግሬያቸው አላውቅም።

ሞከርኩ። ፌስታሎቹ ትንሽ ተንሸራተው ቆሙ። አነሰብኝ። የለመድኩትን ዘዴ አመጣሁ፤ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ እግሬን በረገድኩት፣ ቀጥ ማለት ጀመርኩ። ይሄኔ፣ ጉልበቴ እየተዘረጋ ሲሄድ፣ እግሮቼ ራሳቸው ተመለሱ። ማንም አልነካቸውም። ሽሽሽ የምትል የፌስታል ድምፅ ብቻ ነበረች። ቀጥ ብዬ ስቆም ጣቶቼ ከጠመኔው መስመር ብዙ ወደ ውስጥ ገብተው ነበር።

ደገምኩት። ሽሽሽ። እንደገና። ሽሽሽ።

ልጁ ሳይታዘዝ ለካ። 105።

አንድ ሰው ሂሳብ ላይ ከዋለ ቁጥር ሲጎድል ሆዱ ነው የሚያውቀው። ያለው 105፣ በመዝገብ የተመዘገበው 150። ገንዘብ ያዥ ብሆን ኖሮ በዚህ ጉድለት ደመወዜ ይቆረጥ ነበር። «አርባ አምስቱን ማን ነበር ሲከፍል የነበረው?» አልኩ፣ ለራሴ ያህል። እትዬ መልስ አልሰጡኝም፤ የቀኝ ጉልበቴን ውስጠኛ ጎን፣ የሚወጋኝን ቦታ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከሕመሙ ይሁን ከሌላው እስካሁን አለየሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ በትንሹ መዞር ይችላል፣ ሲዘረጋ ይቆለፋል። እኔ አጥፌ አዞርኩት፤ ሲሚንቶው እግሬን ጥርቅም አድርጎ ያዘልኝ፤ ስዘረጋው ባቴ ወደ ውጭ፣ ጭኔ ወደ ፊት፣ መሃል ላይ ያለው ጉልበት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠመዘዘ። በየማታው ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። የእግሬ ቅስትም ለማገዝ ብሎ ወደ ውስጥ ተደርምሷል። ውሸቱን ይዞልኝ የነበረው ወለሉ ነው። ፌስታሉ ምንም አልጨመረም፤ ወለሉን ነሳኝ፣ በቃ።

ደብተሬ ላይ ከነበሩት አሥራ አራት ጥያቄዎች ሰባቱ «180 ለመድረስ» የሚል ያለባቸው ነበሩ። አንዱም «አሁን የት ነኝ?» አይልም። እንዴት ይበል? ሰው የሚጠይቀው የጎደለው የመሰለውን ነው። ለዚህ ይመስለኛል ስልኩም፣ የጂሙ ጎረቤቴም፣ እርድ በማሯም የከሸፉት፤ ሁሉም የጠየቅኳቸውን መለሱልኝ። እትዬ ናቸው ያልመለሱልኝ። ባለሙያ ማለት የበለጠ የሚያውቅ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ግን ደብተሬን አለመግለጥ ነው። ይኼ ጨዋነት የጎደለው መስሎኝ በዚያች ደቂቃ ተቀይሜያቸው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

«ታዲያ ዳሌዬ አይከፈትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያለሽ ይኼ ነው። አጥንት በልጅነት ነው ቅርጹን የሚይዘው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ላይ አይለወጥም። ግን ካለሽ 105 ስንቱን ትጠቀሚበታለሽ? እስካሁን ምንም። ሁሉንም በብድር ነበር የቆምሽው።»

## የታዘዘልኝ

ደብተሩን የገለጡት ማብቂያው ላይ ነው። እስክሪብቶ ተቀብለው ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱን በአንድ መስመር ሰረዙ። ለሦስቱ የሰጡኝን መልስና ያዘዙልኝን እንዳስታወስኩት ልጻፍ፤ ለኔ እግር የታዘዘ ነው፣ ማንም ለራሱ እንዳይወስደው።

ለስድስት ሳምንት ጠባብ አቋቋም፤ ተረከዝ ገጥሞ እግር ከመቶ ዲግሪ በታች፣ ሲያደክም ደግሞ ቀጥ ብሎ ትይዩ። ዴሚ ፕሊዬ ብቻ፣ ማለት ተረከዝ ሳይነሳ እስከሚወርደው ድረስ፤ ስወርድ ጉልበቴ ከሁለተኛዋ ጣቴ በላይ መምጣት አለበት፣ ወደ አውራ ጣቴ ከዞረ እዚያው ማቆም። ታንዱ ላይ እግሬ ዘሎ ጫፍ ላይ እንዳይደርስ፤ መሬቱን እየጠረገ መጀመሪያ ተረከዙ ይነሳ፣ ቀጥሎ የጣቶቹ ሥር፣ መጨረሻ ጣቶቹ፣ ሲመለስም በዚያው መንገድ። አልጋውን መያዝ ቀረ። እጅ የሚያርፈው ወገብ ከፍታ ላይ ባለ ነገር ነው፣ እሱም እንደ ትኩስ ምጣድ ነካ አድርጎ፤ የያዝሽው ነገር ቢወሰድ ካልወደቅሽ ነው ቆመሻል የሚባለው አሉኝ። አሁን የመስኮቴን ደፍ ነው የምይዘው። በሳምንት ሦስት ቀን እንጂ በየማታው አይደለም። ሲሚንቶ ላይ ዝላይ የለም፣ አንድም። የዳንስ ወለል ሥሩ ክፍት ሆኖ የሚለመጥ እንጨት ነው፤ ሲሚንቶ ግን የተሰጠውን ምት መልሶ ለአጥንት ይሰጣል።

ትከሻዬ ላይ ሳቁ። እጄን ከፍ ሳደርግ ትከሻዬ አብሮ ይነሳል፣ አንዳንዴም ነጠቅ ይላል። እስክስታ ነው! «እሱን አትግደዪው» አሉ፤ «ትከሻን ከአንገትና ከደረት ለይቶ ማንቀሳቀስ ባሌተኛ ዓመት የሚፈጅበት ነው፣ አንቺ ሠርግ ቤት ነው የተማርሽው። ዝም በል ስትዪው ዝም እንዲል ብቻ አስለምጂው።» በሰባት ወር ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ምስጋና ነው፣ እሱም ለሠርግ ቤቱ።

ጫማዎቹን ያወጣሁት በመጨረሻ ነው፣ እያፈርኩ። እትዬ አንዱን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ሶሉን ሲለምጡት እንደ ቆየ ካርቶን ተጣጠፈ። «ሞቷል» አሉ። ጫፉ እንጨት አይደለም ለካ፤ ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ የደረቀ ነው። በላብና በሙቀት ይላላል። ባለሙያዎቹ አንዱን ጥንድ በአንድ ምሽት ትርኢት የሚጨርሱበት ጊዜ አለ። ይኼኛው ደግሞ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዞ የሞተ ነው፤ እኔ ያቺ ሰው እግር ውስጥ ገብቼ ነበር የቆምኩት። ማሪ ታልዮኒ የምትባል ባሌተኛ እ.ኤ.አ. በ1832 ፓሪስ ላይ በጣቶቿ ጫፍ ስትደንስ የነበራት ጫማ ለስላሳ ሳቴን ነው፣ ጫፉ ላይ በክር የተጠቀጠቀ፤ ያቆማት እግሯ ነው እንጂ ጫማው አይደለም ብለው አስረዱኝ። ልጆች እንኳ ከዓመታት ትምህርት በኋላ፣ አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ነው ወደዚህ የሚሸጋገሩት፣ እሱም ተፈትሸው።

ፈተናውን በዚያው አደረጉልኝ። እግሬን ዘርግቼ፣ ጣቴን ወደ ፊት አሹዬ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የልጁን እርሳስ በቁመቱ አስተኙ። እርሳሱ ቅልጥሜን ሳይነካ ጠፍጣፋ ከተኛ እግሬ በቂ ይዘረጋል ማለት ነው። ግራው ለትንሽ አለፈ፣ ቀኙ ወደቀ። ቀጥሎ በአንድ እግር ረለቬ፤ ሳይንቀጠቀጥ ሃያ ጊዜ ይፈለጋል። ዘጠነኛው ላይ በሩን ያዝኩ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉ። መታጠፊያ፣ ጉልበት፣ ቅስት የሚሉት ቃላት ሲጠፉባቸው የዋሉ ሴትዮ ተረቱን ግን ሳይደናቀፉ ነው ያሉት። እናቴ ትለው ነበር አሉ፣ እኔ ኩባ ስሄድ።

## ሰባተኛዋ

ከዚያ በኋላ አራት ቅዳሜ መጡ። ብዙ አያወሩም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ቡናቸውን እየጠጡ ያያሉ። አንዳንዴ ተነስተው አንድ ቦታ በጣት ይነኩኛል፣ ጎድኔን፣ የእግሬን ቅስት፣ ከጆሮዬ ሥር፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። የነኩት ቦታ እስከ ማክሰኞ ያስታውሰኛል። ጉልበቴ በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ላይ መጮኹን ተወ። ለጓደኛዬ አዲሱን አቋቋሜን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት፤ «አሁን ሰው መሰልሽ፣ ግን ምኑ ነው ባሌት?» አለችኝ። ዘጠና አምስት ዲግሪ ላይ የቆመች ሴት በፎቶ ምንም አትመስልም፣ እውነቷን ነው።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሻንጣቸው ተዘግቷል፣ ለእናታቸው ሠራተኛ ተገኝቷል። አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ በልተን ተመለስን፤ ሊሰናበቱ ቆመው «እስቲ ስምንት ፕሊዬ አሳዪኝ» አሉ። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው፣ በሩ ላይ ቆመው ነው ያዩኝ። ቆጥሬ ወረድኩ፣ ቆጥሬ ወጣሁ። ስጨርስ ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ።

«ሰባተኛዋ» አሉ።

«እንዴት ሆነች?»

«ሰባተኛዋ ፕሊዬ ነበረች።» ግንባሬን ሳሙኝና ባጃጁ ጡሩምባ ሲነፋ ወጡ።

ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ትንፋሼ ነው? ትከሻዬን ረስቼው ነበር? የአከራዬ ልጅ በመስኮት ሲያልፍ አይቼ ሐሳቤ ሄዶ ነው? ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ መስኮቴን ነካ አድርጌ ስምንት ስምንት እያልኩ እወርዳለሁ፤ ሰባት ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ነቅቼ ስለምጠብቃት ነው መሰለኝ አትመጣም። ትናንት ማታ አራተኛዋ ላይ አንድ ነገር ያለፈ መሰለኝ። የሚነግረኝ ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም።